ባለ ቀይ እጀታው መቀስ

«ምነው፣ ጣሳው ውስጥ ልትከርሚ ነው እንዴ? አውጪያ!» አሉ መምህሩ።

ፌንጣ እጇን ጣሳው ውስጥ እንደከተተች ዓይኗን ጨፈነች። ከታች ሁለት የብሎን ዳዶዎች አሉ፤ ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ። አንደኛዋ ብቻ ነጭ ቀለም ተቀብታለች። ነጯን ያወጣ ቀድሞ መሣሪያ ይመርጣል። ጣት ደግሞ ቀለም አይለይም። አንዷን ያዘች፣ ተወቻት፣ ሌላዋን ያዘች፣ መልሳ የመጀመሪያዋን አነሳች። ቀኝ እግሯ ወለሉን ይደበድባል። እሷ አላዘዘችውም፤ እሱ ግን ድሮም አስፈቅዷት አያውቅም።

ብድግ አድርጋ አወጣቻት። ነጭ!

«በቃ፣ ፌንጣ ቀናት!» አለ ከኋላ አንዱ። ከመስኮቱ ውጪ የቆመችው ጓደኛዋ ሬዲዮ ድምፅ የሌለው ጭብጨባ አጨበጨበችና በአንድ ዓይኗ ጠቀሰቻት። ፌንጣ ፈገግ ልትልላት ሞከረች፤ ከንፈሯ እሺ አላላትም።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ቁጭ ማለት አይሆንላትም። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል ስትቁነጠነጥ ወንበሯ ይንቋቋል፤ መምህራኑ ቦታ እየቀያየሩ ሰልችቷቸው ትተዋታል። እናቷ እንኳ ስትናደድ «አንቺ ፌንጣ፣ አንዴ አረፍ በይ!» ማለት ጀምራለች። ሰው የምትሆነው የብረት ሥራ ክፍል ስትገባ ብቻ ነው። እዚያ ሁሉም ቆሞ ነው የሚሠራው፤ «ቁጭ በይ» የሚላት የለም።

የዛሬው ፈተና ሲሰሙት ቀላል ነው። ከላሜራ ላይ ለባልዲ ክዳን የሚሆን ክብ ቆርጦ ማውጣት፣ በቃ። ጣጣው ያለው ጥጡ ላይ ነው። መምህሩ ቁራጭ ጥጥ በሁለት ጣታቸው ይይዙና በክቡ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብለው ይስቡታል። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ጥጡ ተንሸራቶ ያልፋል። ጥርስ ካለበት ግን ክር ይይዛል፤ ክር በያዘ ቁጥር ማርክ ይወርዳል። «እኔ ላዳላ እችላለሁ፣ ጥጥ አያዳላም» ይላሉ። ልጆቹ እሳቸው በሌሉበት ጋሽ ሚሊሜትር የሚሏቸው በከንቱ አይደለም።

ለፌንጣ ደግሞ የዛሬው ማርክ ከማርክም በላይ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አሸንዳ ሠሪው ከዚህ ክፍል አንድ ተማሪ ወስዶ አብሮት ያሠራል። አንድ ብቻ። ሥራው ከቤት ቤት፣ ከጣሪያ ጣሪያ ነው፤ መሰላል መውጣት፣ መለካት፣ መቁረጥ፣ መውረድ፣ ደግሞ መውጣት። ፌንጣ ይህን ሥራ በሕልሟ ሳይቀር ሠርታዋለች። «እሱ ከወሰደሽ እሰየው» ብላታለች እናቷ፤ «ካልወሰደሽ ግን እንደ አምናው አክስትሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ።» አክስቷ የምትሸጠው ክር፣ መርፌና የልብስ ቁልፍ ነው። ሥራው ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ ቁልፎቹን በየቀለማቸው መለየት ነው። አምና እዚያ የከረመችውን ስታስብ ጉልበቷን ያሳክካታል።

እስከ ትናንት በነበሩት ፈተናዎች ከሁሉ የቀደሙት፣ በማርክም እኩል የሆኑት ሁለት ናቸው፤ እሷና ሽማግሌው። ሽማግሌው ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው። ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል፣ ሳል ሳል ብሎ ነው ንግግር የሚጀምረው፣ ተረት ሳይጨምርበት አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ይፈተናሉ። ክቡን አሳምሮ ያወጣ ወደ ጣሪያው ይወጣል።

ግድግዳው ላይ የመሣሪያ ሰሌዳ አለ። የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሎበታል፤ ዕቃው ሲነሳ ጥላው ይቀራል። የላሜራ መቀሶቹ ከላይ ተሰቅለዋል። ባለ ቢጫ እጀታዎቹ ቀጥ ላለ ቁርጥ ናቸው፤ ባለ አረንጓዴዎቹ ወደ ቀኝ ለሚዞር፣ ባለ ቀዮቹ ወደ ግራ ለሚዞር። ክፍሉ በሙሉ ክብ ሲቆርጥ የተለማመደው በቀዩ ነው። ቀይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ ደግሞ በቀኝ በኩል የተሰቀለው ስለቱ ተሸርፏል። ይህን የሚያውቁት ፌንጣና ሬዲዮ ናቸው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት፣ ሁለቱ የጽዳት ተራ ደርሷቸው ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ነው። ሬዲዮ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች መናገር አያስፈልግም፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። የዚያን ቀን እያወራች ቱታዋን የምትሰቅልበት ማንጠልጠያ ልሥራ ብላ ወፍራም የብረት ሽቦ ከየት እንዳመጣችው አመጣች። የሽቦ መቁረጫው ጉጠት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። «አንዴ ብቻ!» አለችና ቀዩን መቀስ ከሰሌዳው አወረደች። ፌንጣ «ኧረ ተይ» ልትል አፏን ስትከፍት «ቀጭ!» አለ። ሽቦው ተቆረጠ። ስለቱ ላይ ግን፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ጎደሎ ቀረች።

በሩ አጠገብ በትልልቅ ፊደል የተለጠፈው ሕግ «በላሜራ መቀስ ሽቦ የቆረጠ፣ ዓመቱን ሙሉ መቀስ አይነካም» ይላል። መቀስ ያልነካ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ክፍሉን ይደግማል። ሬዲዮ ብርክ ያዛት። «በናትሽ፣ በሞቴ፣ እኔ እንዳደረግሁት ለማንም እንዳትናገሪ! ማይልኝ!» አለቻት። ፌንጣም ማለች። በማግስቱ መምህሩ «ዕቃው ሁሉ ደህና ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሳምንቱ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሬዲዮ ራሷ ነበረችና ዓይኗን በጨው አጥባ «ሁሉም ደህና ነው፣ ቲቸር!» አለች። ፌንጣ አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ከዚያ መልሳ አሰረችው።

አሁን መምህሩ ነጯን ዳዶ ከእጇ ተቀብለው ጣሳው ውስጥ መለሷት። «ላሜራውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ላምጣ» አሉ። «እስክመለስ ሰሌዳው አጠገብ ማንም ዝር እንዳይል። ስመለስ ትመርጫለሽ፣ ቀጥሎ እሱ ይመርጣል። ሕጉን ታውቁታላችሁ። ከሰሌዳው ያወረዳችሁት ዕቃ የእናንተ ነው፤ ማጉረምረም የለም። የለወጠ አምስት ማርክ ይከፍላል። መሣሪያ መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው።»

ከመውጣታቸው ፌንጣ እየተወረወረች መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«አልኩሽ! አላልኩሽም?» አለች ሬዲዮ አፏን ወደ ፍርግርጉ አስጠግታ። «የግራዋን ላፍ አድርጊያት። የቀኟ ናት ያቺ... ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆኗል? ነጭ እኮ ነው ያወጣሽው!»

«የተሸረፈው ለሽማግሌው ሊደርሰው ነዋ።»

«ኤጭ! አታካብጂ በናትሽ። ዕድል ነው። ዳዶዋን እኔ መረጥኩልሽ?»

«ሳያውቅ ነው የሚይዘው።»

«ሳያውቅስ ቢይዘው፤ እሱ እንደሆነ በተረቱ ይቆርጠዋል» ብላ ሬዲዮ ሳቀች። ፌንጣ አልሳቀችም። ሬዲዮም ሳቋን ዋጠች። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ፤ ከሰዓት የኔ ተራ ነው። ብትናገሪ አለቀልኝ ማለት ነው። ምለሽልኛል።»

«ምያለሁ» አለች ፌንጣ።

«በቃ፣ አበቃ።»

አበቃ ማለት ለሬዲዮ ቀላል ነው። ፌንጣ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ቱታዋን ቆለፈች፣ ፈታች። መዶሻውን አነሳች፣ አስቀመጠች። የእውነት፣ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? አለች በልቧ። ሽቦውን አልቆረጥኩም። ውሸቱን አልዋሸሁም። ዳዶዋን ያወጣሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሦስቱንም ደርድራ ስትጨርስ ግን ቀልቧ አልሰበሰብ አለ።

«እህህ» የሚል ሳል ከጎኗ ሰማች። ሽማግሌው ነው፤ አንድ የግራ እጅ ጓንት ዘርግቶላታል።

«የአንቺው ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ቅድም አይቼዋለሁ። ይህን ያዢ፣ እኔ ትርፍ አለኝ። ላሜራ ዘመድ አያውቅም።»

«አንተ ደግሞ፣ ዛሬ እኮ ባላጋራህ ነኝ።»

«ባላጋራዬስ ብትሆኚ ጣትሽ ምን አደረገ?» አለና ትንሽ አመነታ። «ቤት ውስጥ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ስለማመድ ሰነበትኩ። ጎረቤቶቹ በጩኸቱ እናቴን ሊከሷት ነው። ያንን ሥራ እፈልገዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። አንቺም ትፈልጊዋለሽ። እንግዲህ ለሁለታችንም እጃችንን ይባርከው።»

ፌንጣ ጓንቱን አጠለቀችው፤ ልክክ አለላት። ምናለ ዛሬ እንኳ ክፉ ቢሆን ኖሮ! ምናለ ቢሰድበኝ! አለች በልቧ።

መምህሩ ሁለት የላሜራ ቁራጮች በብብታቸው ይዘው ገቡና በየጠረጴዛው አኖሩላቸው። ሁለቱም ላይ ክቡ በኮምፓስ ተጭሮ ተሠምሯል። «ቅድሚያ ነጭ» አሉ።

ፌንጣ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሁለቱ ቀይ እጀታዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ከሩቅ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። ሁሉም ያያታል፤ ሬዲዮ ከመስኮት፣ ሽማግሌው ከኋላዋ፣ መምህሩ በመነጽራቸው ላይ። ጣሪያዎቹ ትዝ አሏት። ቀጥሎ የአክስቷ ቁልፎች መጡባት፤ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቡኒ ከቡኒ፣ አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አራት ቀዳዳ። እጇ ተወረወረ። የግራውን አወረደች።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ መጣ። የቀረውን ቀይ መቀስ አነሳና መምህሩ እንዳስተማሩት ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረገው። ከፈተው፤ ቀስ ብሎ ዘጋው። ሁለቱ ስለቶች ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። እጁ መሃል ላይ ቆመ። ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። ቀጥሎ ወደ አረንጓዴው መቀስ ተመለከተ፤ በአረንጓዴ ክብ ቆርጦ አያውቅም፣ ተወው። ከዚያ ዞሮ ፌንጣን አያት። ቁጣ የለበትም፤ አየት ብቻ ነው ያደረጋት። ፌንጣ ጓንቷ ላይ አቀረቀረች። ጓንቱ ደግሞ የሱ ነው።

«ችግር አለ?» አሉ መምህሩ።

«የለም፣ ቲቸር» አለ ሽማግሌው። በአጠገቧ ሲያልፍ ለራሱ እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ።

«ጀምሩ!»

ጀመሩ። የፌንጣ መቀስ ላሜራውን እንደ ወረቀት ሰነጠቀው። ከፈት፣ ገፋ፣ ጨበጥ፤ ከፈት፣ ገፋ፣ ጨበጥ። ቁርጥራጩ እየተጠቀለለ ወደ ጎን ይወጣል፤ መስመሩ ከስለቱ ስር እንደ ታዘዘ ይከተላል። በሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ሥራው ላይ ሆኖ ጆሮዋ ጎረቤት ሄዷል።

ከጎረቤት ጠረጴዛ መጀመሪያ «ችክ» የሚል ድምፅ መጣ። ጎደሎዋ ላሜራውን ነክሳዋለች። ከዚያ በኋላ ችክ አልተሰማም። ሽማግሌው ብልሃቱን አግኝቶታል፤ መቀሱን ግማሽ ድረስ ብቻ እየዘጋ፣ ከተሸረፈበት በታች ባለው የስለቱ ጥግ፣ በትንሽ በትንሹ ይነክሳል። ሥራው ንጹሕ ነው። ግን ፌንጣ አንዴ ስትጨብጥ እሱ ሦስቴ ይጨብጣል። ግንባሩ አልቦታል፤ እጁ ሲደክመው ያራግፈዋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። በዚህ አካሄድ ሩቡን ሳይጨርስ የምሳ ደወል ይደወላል። እሱም ያውቀዋል። ግን አያጉረመርምም፣ አያማርርም፣ ዞሮም አያያትም። አንዴ እንኳ ዞሮ ቢያያት ይሻላት ነበር።

ፌንጣ ከግማሽ በላይ ደርሳለች። እጇ ይቆርጣል፣ እግሯ ወለሉን ይደበድባል። ሽቦውን አልቆረጥኩም። ውሸቱን አልዋሸሁም። ዳዶዋን... እዚህ ላይ ስትደርስ አራተኛው መጣባት። መቀሱን ግን መረጥኩ። እያወቅሁ መረጥኩ።

መቀሱን ከላሜራው ውስጥ መዝዛ አወጣች። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው እግሯ ቀድሟት ሽማግሌው ጠረጴዛ አጠገብ አደረሳት።

«እንካ» አለች።

«ምኑን?»

«መቀሱን። ያንተን ስጠኝ።»

«ኧረ ተይ! አምስት ማርክ እኮ ነው። የቸኮለች አፍሳ...»

«ውሰድ አልኩህ! ተረቱን ኋላ ታወራዋለህ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው መጡ። «ምንድነው እሱ?»

«ቲቸር፣ መቀስ ልለውጥ ነው» አለች ፌንጣ። «ማርኩ ከኔ ይቀነስ። እሱ አልጠየቀኝም።»

«ቀድመሽ የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ምን ጎደለው?»

ከመስኮቱ ፍርግርግ ጀርባ የሬዲዮ ፊት አመድ መስሏል። ፌንጣ አየቻት፤ ቶሎ ብላም ዓይኗን መለሰች።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። «ለሱ ይሁን ብዬ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው አዩአት። ቀጥሎ ሽማግሌው እጅ ላይ ያለውን መቀስ አዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጧትና ወደ ጠረጴዛቸው እየሄዱ «አምስት ማርክ» አሉ። «ሥራችሁን ቀጥሉ።»

የተሸረፈው መቀስ እጇ ውስጥ ሲገባ ያው ክብደት፣ ያው ቀይ ነው። ፌንጣ እንደ ልማዷ ከፈት፣ ገፋ፣ ጨበጥ ስታደርግ «ችክ!» አለባት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ በቀለች። «ወይኔ!» አለች ጮክ ብላ። ሙሉውን መጨበጥ አይቻልም። ሽማግሌው እንዳደረገው ግማሽ ብቻ፣ ቀስ፣ ደግሞ ግማሽ ብቻ። በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ የሠራችው ነገር ትዝ አይላትም። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የጠበቀችበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው። መዳፏ ነደዳት፣ ትከሻዋ ዛለ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ባታውቀውም፣ ድንገት የሆነ ነገር የጎደለ መሰላት። ጆሮዋን ስትጥል እግሯ ነው፤ ወለሉን መደብደብ አቁሟል።

ሽማግሌው ደህናውን መቀስ ይዞ ገሰገሰ። ከሷ ጥቂት ቀድሞ ጨረሰ። እሷም ደወሉ ሊደወል ሲል ክቡን አወጣች።

መምህሩ ጥጡን ይዘው መጡ። በሽማግሌው ክብ ዙሪያ ሳቡት፤ አንድ ቦታ፣ መጀመሪያ ችክ ያለችበት ላይ፣ አንድ ክር ያዘ። በፌንጣ ክብ ዙሪያ ሳቡት። የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ጥጡ በረረ። መቀስ የለወጠችበት ቦታ ላይ አንድ ክር ያዘ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ምንም አልያዘም።

«ሁለታችሁም አንድ አንድ ክር» አሉ መምህሩ። ሁለቱን ክቦች አንስተው ጥርሶቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ አንዱን ዳሰሱ፣ ሌላውን ዳሰሱ፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። «ልዩነቱ አምስቱ ማርክ ነው። አሸንዳ ሠሪው ጋ የሚሄደው እሱ ነው።»

ልጆቹ ሽማግሌውን ትከሻውን መቱት፣ «መሰላሉን ቀስ ብለህ ውጣ፣ አባባ!» እያሉ አላገጡበት። ፌንጣ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ሰው ሳያያት በጓንቱ ጠረገችው። ጓንቱ ዘይት ነበረበትና ይባስ አቃጠላት። ቆጭቷታል፣ በጣም ቆጭቷታል። ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቡኒ ከቡኒ።

ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሲወጣ ሽማግሌው ወደ ኋላ ቀረት አለ። ጓንቱን ልትመልስለት ዘረጋችለት።

«ያዢው» አለ። ከዚያ «ስትመርጪ ታውቂ ነበር፣ አይደል?» አላት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን መለስሽልኝ?»

«አፈርኩ» አለች ፌንጣ። «በቃ፣ አፈርኩ።»

ሽማግሌው ሳል ብሎ ተረት ሊፈልግ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ራሱን ነቅንቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ።

መሣሪያ መስቀል የዛሬው ተራ የፌንጣ ነው። ደህናውን ቀይ መቀስ በጥላው ላይ ሰቀለችው። የተሸረፈውን አንስታ ስትቆም ሬዲዮ ከውጪ እየሮጠች ገባች፤ ገና ከበሩ ነው ወሬዋን የከፈተችው።

«አንቺማ ጀለስ ነሽ፣ እውነቴን ነው! አይቀርም፣ ትናገራለች ብዬ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። አልተናገርሽም! ደግሞ ያ ሽማግሌ ምን እንዳሰበ አይታወቅም... ተይው። በይ ስቀያትና ምሳ እንብላ። ከሰዓት ነጯን ካወጣሁ የግራዋን እይዛለሁ፤ ካላወጣሁም በአረንጓዴ እሞክራለሁ። ዋናው የቀኟን አለመንካት ነው። ያቺን የሚያነሳ ፋራ ራሱ ይወቅበት።»

ፌንጣ መቀሱን እንደያዘች ቆመች። የቀኙ ጥላ ሰሌዳው ላይ ባዶውን ይታያል።

«ከሰዓት ከማን ጋር ነው የምትፈተኚው?» አለች።

«እኔ እንጃ። ከዚያች ከአዲሷ ልጅ ጋር መሰለኝ። ምነው?»

ፌንጣ በሰሌዳው ፊት አልፋ መምህሩ ጠረጴዛ ጋ ሄደች። መቀሱን ከፍታ፣ የተሸረፈው ስለት ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ መሃል ላይ አስቀመጠችው። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጎደሎዋን አጉልቶ አሳያት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ቲቸር እስኪመጡ ልጠብቅ ነው።»

«ምለሽልኛል!»

«አንቺ እንዳደረግሽው ላልናገር ነው የማልኩት። አልናገርም። መቀሱ መሸረፉን ግን እነግራቸዋለሁ። እኔም እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ፣ እያወቅሁ የግራውን እንዳነሳሁ እነግራቸዋለሁ።»

«ማነው የሸረፈው ቢሉሽስ?»

«እኔ አልመልስም» አለች ፌንጣ። «ለዚህ ነው አንቺም እዚህ ብትኖሪ ደስ የሚለኝ።»

ሬዲዮ ወደ በሩ አየች፣ በሩ አጠገብ ወደተለጠፈው ሕግ አየች፣ ወደ ፌንጣ አየች። ምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

ፌንጣ ከጠረጴዛው ስር በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ከኮሪደሩ ወዲያ የመምህሩ የቁልፍ ዘለላ ሲንሿሿ ተሰማ፤ ገና ሩቅ ነው፣ ግን እየቀረበ ነው። ሁለተኛውን በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ ለሬዲዮ አቀረበችላትና ሳትቁነጠነጥ መጠበቋን ቀጠለች።